አሸናፊና ተሸናፊ

በ1927 ዓ.ም. ሰኔ 18 ቀን ማታ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ያንኪ ስታዲየም በሚባለው ሰፊ ሜዳ፣ ሁለት ሰዎች ቡጢ ለመግጠም ወጡ። አንደኛው ፕሪሞ ካርኔራ የሚባል ኢጣልያዊ ነው። ክብደቱ ከ115 ኪሎ ይበልጣል፤ በቁመቱም ከሌላው ሰው በላይ እንደ ግንብ ይታያል፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን እሱ ነበረ። ሁለተኛው ጆ ሉዊስ ይባላል። አላባማ በሚባለው አገር ከደኻ ገበሬ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ዕድሜው 21 ዓመት፣ ክብደቱም 90 ኪሎ ያህል ነበረ። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ በኤርትራና በሶማልያ ወታደሩን እያከማቸ አገራችንን ሊወር ይሰናዳ ነበረና፣ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ኢጣልያ አድርጎ ቈጠራቸው። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ዳኛው መካከል ገብቶ ግጥሚያውን አቆመ። ሀርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያን ሌሊት ታላቅ ደስታ ሆነ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ውስጥ «ዳኛው መካከል ገብቶ አቆመ» የሚለውን ቃል ያዝልኝ። ብዙ ሳይቈይ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ በገባ ጊዜ አውሮፕላን ነበረው፤ የመርዝ ጢስም ነበረው፤ ዳኛ ግን አልነበረም። ጄኔቭ ላይ የተቀመጠው የመንግሥታት ማኅበር ዳኛ ነኝ ይል ነበረ፤ ነገር ግን መካከል አልገባም።

የቡጢ ጨዋታ ጨካኝ ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም አልክዳቸውም። ሰው የሰውን ፊት እስኪያብጥ ሲመታ ገንዘብ ከፍሎ ማየት ምን ዐይነት ደስታ እንደ ሆነ አልገባኝም። ሆኖም በሕጉ ውስጥ የማከብረው አንድ ነገር አለ። አንዱ የወደቀ እንደ ሆነ ሌላው ወዲያው ተለይቶ ወደ አንድ ማዕዘን ይሄዳል፤ ዳኛውም ጣቱን እያሳየ እስከ ዐሥር ይቈጥራል። በዚያ ቍጥር መካከል የወደቀውን መምታት ክልክል ነው። ዐሥር ከሞላ በኋላ ደግሞ ተሸናፊው ቀበቶውን ያጣል እንጂ ዐይኑን ወይም እጁን አያጣም፤ ወደ ቤቱም ይመለሳል።

ቀበቶ ሳይሆን ዘውድ ለተያዘበት ግጥሚያ ግን እንዲህ ያለ ሕግ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነውን ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ ሰቆጣ እንሂድ።

ሰቆጣ የዋግ ርእሰ ከተማ ናት። አገሩ ደጋና ቈላው የተደባለቀ፣ ገደሉ የበዛ፣ በተከዜ በኩል ወደ ታች የሚወርድ፣ ሕዝቡም ኽምጣኛ የሚናገር የአገው ወገን ነው። ከአፋር በረሓ የሚወጣው አሞሌ ጨው በጥንት ጊዜ ወደ መካከለኛው አገር ከሚገባባቸው በሮች አንዷ ይህች ከተማ ነበረች። የገዢዎቹ ስም «ዋግሹም» ሲሆን ትርጓሜውም ግልጥ ነው፤ የዋግ ሹም ማለት ነው። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ የብዙ ዋግሹሞች አፅም ዐርፏል።

እነዚህ ሹማምንት ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንቈጠራለን ይላሉ። ትውፊቱ እንዲህ ነው። በ1262 ዓ.ም. ገደማ መንግሥቱ ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ በተላለፈ ጊዜ ቃል ኪዳን ተደረገ፤ የዛጉዌ ልጆች ዘውዱን ቢለቁም ዋግን በርስትነት እንዲገዙ፣ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት በብር ዙፋን እንዲቀመጡ፣ ነጋሪት እንዲያስጐስሙ ተፈቀደላቸው። ሌላው ትረካ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ በጋይንት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ ይላል። የትኛው እውነት እንደ ሆነ መመርመር የሊቃውንት ፈንታ ነው። እኔን የሚደንቀኝ፣ ነገሩ በእርቅም ሆነ በደም የተፈጸመ፣ የዋግ ሰዎች ለስድስት መቶ ዓመት ያህል የብር ዙፋኑን ወግ ይዘው መኖራቸው ነው። ተሸናፊው ክብሩ ያልተገፈፈበት ሥርዐት በአገራችን ነበረ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ለዚህ የሚመስል ውል በቡጢ ዓለምም ተደርጓል። በሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. ጆ ሉዊስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጄምስ ብራዶክን በሺካጎ ከተማ በስምንተኛው ዙር ጣለው። የብራዶክ ወኪል ግን ተንኰለኛ ሰው ነበረና ገና ግጥሚያው ሳይደረግ ተዋውሎ ነበረ፤ ሉዊስ ያሸነፈ እንደ ሆነ፣ የሉዊስን ግጥሚያዎች የሚያዘጋጀው ነጋዴ ከሻምፒዮንነቱ ግጥሚያዎች ከሚያገኘው ትርፍ ከመቶ ዐሥር እጅ ለዐሥር ዓመት ለብራዶክ ይሰጣል። ብራዶክ ቀበቶውን ቢያጣም እንጀራውን አላጣም። ይህ ከብር ዙፋን ጋር የሚስተካከል ክብር አይደለም፤ ግን የወንድማማች ነገር ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኀይሉ በዘመኑ ኀያል ይባሉ የነበሩትን ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አደረጉ። ራስ ዓሊ አማታቸው ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማረኩና፣ እዚያው በደረስጌ ማርያም ዐጤ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ያን ቤተ ክርስቲያን ውቤ ራሳቸው ሊነግሡበት አሠርተውት ነበረ ይባላል። ዐጤ ቴዎድሮስ የድል ጌታ ነበሩ፤ ድል የሆነውን ሰው ግን እንዴት እንደሚይዙት አላወቁበትም። የተሸነፈውን መኰንን ሁሉ በሰንሰለት አስረው መቅደላ አወጡት። ከተገደሉትም አንዱ የሰቆጣው ዋግሹም ገብረ መድኅን ናቸው።

የገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ በአባታቸው ደም ተነሥተው በዋግና በላስታ ሸፈቱ። በየአገሩም እንዲሁ ሌላው ሸፈተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐጤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር በቀር የተዋጋቸው አልነበረም። ጥቂት ወራት ቈይቶ ጎበዜ ዐጤ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከዛጉዌ ወዲህ ከዋግ ቤት ለዘውድ የበቃ ሰው ሲገኝ የሰቆጣ ሰው ምን ያህል ደስ ብሎት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጕድለት ነበረ። ጎበዜ ዘውዱን ያገኙት ባለ ዘውዱን ራሳቸው ጥለው አይደለም። ጣይው እንግሊዝ ነበረ፤ ጥሎም ወደ አገሩ ሄደ። እሳቸው የተቀመጡት ባዶ በቀረ ዙፋን ላይ ነው።

ቡጢ የሚከታተል ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጆ ሉዊስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሻምፒዮን ሆኖ ከቈየ በኋላ በ1941 ዓ.ም. በቃኝ ብሎ ቀበቶውን ተወ። ባዶውን ቦታ ኤዛርድ ቻርልስ የሚባል ብልህ ተጋጣሚ ሌላውን አሸንፎ ያዘው። ሰዉ ግን «ሉዊስን መች አሸነፈውና» እያለ በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም። በመስከረም 17 ቀን 1943 ዓ.ም. ሉዊስ ተመልሶ በወጣ ጊዜ ቻርልስ ዐሥራ አምስት ዙር ተጋጥሞ አሸነፈው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻምፒዮን የተባለው። ባዶ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ዕዳ አለበት። ሲነግሥ ያልተዋጋውን ውጊያ ከነገሠ በኋላ ፍለጋ ይወጣል።

ዐጤ ተክለ ጊዮርጊስ ሦስት ዓመት ሲገዙ መጥፎ ንጉሥ አልነበሩም። በጎንደር የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ። በጦር ፈንታ በጋብቻ ወዳጅ ለማብዛት ሞከሩ፤ የትግራዩን የደጃዝማች ካሳ ምርጫን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አገቡ። ካሳ ግን ለእኅታቸው ባል አልገብርም አሉ።

ካሳ ምርጫ የተምቤን ሰው ናቸው። ለመነሣት የተዘጋጀ ተጋጣሚ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሚፈልግ የእነዚህን ዓመታት ሥራቸውን ይመልከት። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ናፒየርን ራሳቸው ሄደው ተገናኙት፤ ጦሩ በአገራቸው እንዲያልፍና ስንቅ እንዲገዛ ፈቀዱ። ይህን ነገር ብዙ ሰው ይነቅፍባቸዋል፤ ስለ ነቀፌታው ሌላ ጊዜ እንነጋገር ይሆናል። ናፒየር ሲመለስ መድፍና ብዙ ጠመንጃ፣ ባሩድና ጥይትም ሰጥቷቸው ሄደ። መሣሪያ መቀበል ቀላል ነው፤ ብዙ ባላባት መሣሪያ ተቀብሎ ግምጃ ቤት አስቀምጦታል። ካሳ ግን ኪርካም የሚባለውን እንግሊዛዊ መኰንን ይዘው፣ ወታደራቸው በሰልፍ መቆምን፣ በትእዛዝ መተኰስን እንዲማር አደረጉ። ደግሞም አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በመቅደላ እስር ቤት ዐርፈው አገሩ ጳጳስ አልነበረውምና፣ ካሳ ወደ ግብጽ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ተክለ ጊዮርጊስ ዘውድ ነበራቸው፤ ቀብቶ የሚያነግሠው ጳጳስ ግን በተቀናቃኛቸው ቤት ነበረ።

በ1863 ዓ.ም. ክረምት ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። የጦራቸው ብዛት 60,000፣ የካሳ ደግሞ 12,000 ያህል ነበረ ተብሎ ይነገራል። ይህ ቍጥር በሸንጎ ላይ ቢነበብ ማን ያሸንፋል ተብሎ አይጠየቅም። እዚህ ላይ ካርኔራን ማስታወስ ይበቃል። በሐምሌ ወር ዐድዋ አጠገብ፣ በአሰም ወንዝ በኩል፣ ሁለቱ ጦሮች ተገናኙ። የለመደ እጅ የሚተኩሰው መድፍና ጠመንጃ ያን ሁሉ ብዛት በተነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተማረኩ።

በዚያች ቀን ማሸነፍ የሚገባቸው ካሳ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የሠሩ እሳቸው ናቸው፤ የተማሩ እሳቸው ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ የተማመኑት በዘውዳቸውና በሰው ብዛት ነበረ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛውም ወጣት ተጋጣሚ ታሪክ ነው፤ በማሠልጠኛ ቤት ላብ ያፈሰሰው፣ በስሙ የሚኖረውን ይጥለዋል።

ጣለው፤ ከዚያ በኋላስ?

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ ካሳ በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐጤ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። የተማረኩት ተክለ ጊዮርጊስ ግን ዐይናቸው ጠፋ። ዐይነ ስውር ዘውድ አይጭንምና፣ ይህ የተደረገው ዳግመኛ እንዳይነሡ ነው። ብዙም ሳይቈዩ በእስር ቤት እንዳሉ ሞቱ። የታሪክ መጻሕፍት ነገሩን በአንድ መስመር ጽፈው ወደ ጉንደትና ወደ ጉራዕ ድል ያልፋሉ። እኔ ግን በዚያች መስመር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ወይዘሮ ድንቅነሽን አስባለሁ። ንግሥና ያገኘው ወንድሟ ነው፤ ዐይኑ የጠፋው ባሏ ነው። ለማን ታልቅስ? ለማንስ እልል ትበል? በሰቆጣ በኩል ለቅሶ፣ በአክሱም በኩል ዝማሬ ሲሆን፣ በሁለቱም ቤት ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

ጥፋቱን ሁሉ በዐጤ ዮሐንስ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማጕደል ነው። ዘመኑ ያንን ሕግ ያውቅ ነበረ፤ የጎበዜም አባት የሞቱት በዚያው ሕግ ነው። ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. የግብጽን ጦር ሁለት ጊዜ ድል ያደረጉ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ስለ አገራቸው የሞቱ ንጉሥ ናቸው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የወደቀው ሰው ዐይን ባይጠፋ ኖሮ አሸናፊው ምን ይጐድልበት ነበረ?

በጥቅምት 15 ቀን 1944 ዓ.ም. ጆ ሉዊስ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቡጢ መድረክ ወጣ። ዕድሜው 37 ሆኖ ነበረ፤ ራሱ መላጣ ጀምሮታል፤ የሚገጥመውም ለግብር ዕዳ መክፈያ ገንዘብ ፍለጋ ነው። ተጋጣሚው ሮኪ ማርቺያኖ የሚባል፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያላሸነፈው ወጣት ነበረ። በስምንተኛው ዙር ማርቺያኖ ሉዊስን መትቶ ከገመዱ ውጭ ጣለው። ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ ከተመልካቾቹ ያለቀሱም ነበሩ። ማርቺያኖ ከድሉ በኋላ ሉዊስ ወዳለበት ክፍል ሄዶ አለቀሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያከብረው የነበረውን ሰው ነው የጣለው። በሚቀጥለው ዓመት ዎልኮትን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጨዋታውን ተወ። ያ እንባ ከኀይሉ አንዳች አልቀነሰበትም።

ዐጤ ዮሐንስም ቢሆኑ በኋላ መንገዳቸውን ለወጡ ለማለት እደፍራለሁ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ልቼ ላይ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ሊገብሩ በቀረቡ ጊዜ፣ ዮሐንስ ድንጋዩን አስወርደው፣ የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። ተክለ ጊዮርጊስ በጦርነት ተማርከው ነበረ፣ ምኒልክ ግን ሳይዋጉ ገቡ ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ሆኖም አሸናፊ የተሸናፊን ዐይን ሳያጠፋ ሊያድር እንደሚችል በዚያ ቀን ታየ።

ምኒልክ ያን ቀን የተቀበሉትን ነገር አልረሱም ይመስለኛል። በልጅነታቸውም ቢሆን በመቅደላ የዐጤ ቴዎድሮስ እስረኛ ሆነው አድገዋል፤ እስረኛ መሆን ምን እንደ ሆነ መጽሐፍ አላስተማራቸውም። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል አደረጓቸው። የጎጃሙ ንጉሥ ቈስለው ተማረኩ። የሚፈራው ሁሉ ይፈራ ነበረ፤ ምክንያቱም ከዐድዋው ውጊያ ወዲህ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። ምኒልክ ግን የንጉሡን ቍስል አስታመሙ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የዐጤ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ በተራቸው ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ገቡ፤ እሳቸውም ምሕረት አገኙ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ በዐድዋ ተራሮች መካከል የተሰለፈውን ጦር አስበው። እምባቦ ላይ የቈሰሉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ቆመዋል። ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከትግራይ ጦር ጋር ናቸው። ከሰቆጣም ዋግሹም ጓንጕል የዋግን ሰዎች አስከትለው፣ የቤታቸው ንጉሠ ነገሥት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ወደ ተማረኩበት ወደዚያው ወደ ዐድዋ መጥተዋል። ከፊታቸው የኢጣልያ መድፎች ነበሩ፤ አባቶቻቸው የተጣሉባቸው ሰዎች ልጆች ግን ከጎናቸው።